አባባ አክሰልን ያስታረቅን ጊዜ

«በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ» ብዬ ወሬ ስጀምር ልጆቼ «የቱ?» እያሉ ያቋርጡኛል። እውነታቸውን ነው። ለእነሱ የሰሜኑ ጦርነት ማለት በቀደም ቤታችን የተዘረፈበት፣ ስልኩም መብራቱም የጠፋበት ነው። ለእኔ ግን ከዚያ በፊት ሌላ አለ፤ ስልክ ስላልነበረን መጥፋቱንም ያላወቅንበት። ዕድሜ ሲገፋ ሁለቱ ተደባልቀውብኛል። የፊተኛውን ሳወራ የኋለኛው ሾልኮ ይገባል፤ ባጃጅ የሚባል ነገር በአገሩ ሳይኖር «በባጃጅ ሸሸን» እላለሁ፤ ይስቁብኛል። እናም እዚህ ውስጥ የተምታታ ነገር ብታገኙ አትፍረዱብኝ። ነገሩ ራሱ በሆነ ጊዜም የተምታታ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ መነጽሬን ላሠራ ወልድያ ፒያሳ ወርጄ ነበር። ከአንዱ ጭማቂ ቤት ጓሮ የብርቱካን ልጣጭ በስኳር ሲፈላ ሸተተኝና መንገድ መሀል ቆምኩ። ባለባጃጁ ክላክሱን ለቀቀብኝ፤ ልብ አላልኩትም። ጭማቂ ሻጯ ወጥታ «እማማ፣ ምን ልታዘዝ?» አለችኝ። «ምንም፤ ትንሽ ላሽትት» አልኳት። ያመመኝ መስሏት ወንበር አወጣችልኝ። ተቀመጥኩ። ተቀመጥኩ እንጂ ወልድያ አልነበርኩም። መርሳ ነበርኩ፣ እማማ ኢንገር ማድ ቤት በር ላይ፤ ሃያ ዓመቴ፣ ራሴ ላይ ናይለን ሻርፕ፣ እግሬ ላይ ኮንጎ ጫማ፣ ባለ አበባ ቴትረን ቀሚሴ በሙቀቱ ጀርባዬ ላይ ተለጥፋ።

የዚያን ጊዜዋ መርሳ አንድ አስፋልት ናት። ከደሴ የሚመጣው አውቶቡስ ውርጌሳን አልፎ ሲገባ ብርቱካንና ፓፓያ የደረደሩ ሴቶች እየተሻሙ መስኮቱ ሥር ይሮጣሉ። ብርቱካን አምስቱ በስሙኒ ነበር። ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም ይጠጣል፤ ወልድያ ለመድረስ አንድ ብር ከስሙኒ ይበቃል፤ ያውም መቀመጫ ተገኝቶ። አውቶቡሱ የሚቆምበት ጥግ ያለው ሻይ ቤት ቀኑን ሙሉ አምባሰል ያስጮሃል። ካሴቱ አርጅቶ ስለነበር ዘፋኙ መሀል ላይ ያቃስታል፤ እኛ የዜማው ክፍል ይመስለን ነበር። እስከ ዛሬ አምባሰል በጥሩ መሣሪያ ስሰማ የሆነች ማቃሰት የጎደለች ይመስለኛል። አሁን ያ ጥግ ባለፎቅ ሆኗል፤ ባለፈው ሳልፍ ሻይ ቤቱ በስተግራ ነበር ወይስ በስተቀኝ ብዬ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ።

ማትሪክ ነጥብ አልመጣልኝ ሲል ታይፕ ተማርኩ፤ ከዚያ በዘጠና ብር ደመወዝ አስተርጓሚና ጸሐፊ ሆኜ «ሚሽኑ ግቢ» ተቀጠርኩ። ግቢው ሁለት ክፍል ቤትና አንድ መጋዘን ነው። የሚኖሩበት አባባ አክሰልና ባለቤታቸው እማማ ኢንገር ነበሩ። ከዴንማርክ ነው የመጡት። አባባ አክሰል ሰባ አልፏቸዋል፤ እማማ ኢንገርም ብዙ አይርቁም። ድርቁ ካለፈ በኋላ ቤተ ክርስቲያናቸው «ጡረታ የወጣችሁ፣ ጉልበት ያላችሁ፣ ሩቅ አገር ሄዳችሁ አገልግሉ» ቢል ስማቸውን አስመዘገቡ። አባባ አክሰል አገራቸው ሳሉ የመርከብ ሞተር ይጠግኑ ነበር፤ ባሕር በሌለበት በሀብሩ ወረዳ የእጅ ፓምፕ ጠጋኝ ሆኑ። እማማ ኢንገር ሕፃናት ይመዝናሉ። ሕፃኑን እንደ ሽንኩርት ከረጢት ሚዛኑ ላይ ሲያንጠለጥሉት እናቶች «ውይ ልጄን!» ብለው ዓይናቸውን ይሸፍናሉ። ሚሽን ማለት ሰው ሃይማኖት የሚያስቀይር ነው ተብለን ነበር፤ እነሱ ግን እሁድ ከሰዓት ሁለቱ ብቻ ሳሎን ይቀመጡና አንዱ ያነባል፣ አንዷ ትዘምራለች፤ ማንንም አይጠሩም። ስብከቱን ስንጠብቅ ሦስት ዓመት አለፈ።

ሠራተኛ አልቀጠሩም። «ልናገለግል መጥተን እንዴት እንገለገላለን?» ይላሉ። ስለዚህ አባባ አክሰል ማለዳ ቧንቧው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ልብስ ያጥባሉ፤ የራሳቸውን ብቻ ቢሆን ደግ፣ የሚስታቸውንም ነው። የእማማ ኢንገርን ቀሚስ ጨምቀው ገመድ ላይ ሲያሰጡት ወደ ማሳ የሚሄደው ገበሬ ሁሉ አጥሩ ጋ ቆሞ ያያል። እማማ ኢንገር እንጨት ይፈልጣሉ። ከቀበሌው ሱቅ በራሽን የሚያገኟትን ስኳር በሙሉ ከብርቱካን ልጣጭ ጋር ይቀቅሏታል፤ ፍሬውን ለጎረቤት ሰጥተው ልጣጩን በዳቦ ይበሉታል። እኔ ቀምሼዋለሁ፤ ይመራል፣ ደግሞ ይጣፍጣል፤ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። መርሳ ግን የቀመሰውም ያልቀመሰውም አንድ ነገር ብቻ ነው ያየው፤ ልጣጭ የሚበሉ ሁለት ሽማግሌዎች።

አንድ ቀን አባቴ ሼህ አሊ ፓምፕ ሊያሠሩ መጥተው ከአባባ አክሰል ጋር ወሬ ጀመሩ። እኔ አስተረጉማለሁ።

«ልጅ አልወለዱም?» አሏቸው አባቴ።

«አራት አሉኝ።»

«ማሻአላህ! የልጅ ልጅስ?»

«ዘጠኝ።»

አባቴ ገመዱ ላይ የተሰጣውን ቀሚስ አዩ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ታዲያ እዚህ ምን ይሠራሉ?» አሉ።

«እናገለግላለን» አሉ አባባ አክሰል ደስ ብሏቸው።

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ መንገዱን ሁሉ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ነበር። «ዘጠኝ የልጅ ልጅ ያለው ሰው በዚህ ዕድሜው ልብስ ያጥባል? ከዲጃ፣ እኒህን ሰዎች ልጆቻቸው አባረዋቸዋል። ለማያውቁት አገር የሚያገለግሉት የሚያገለግላቸው ስለጠፋ ነው።» እንዲያ አይደለም ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። ሳስረዳ ሳስረዳ ግን ለራሴም ገባኝ ማለት አልቻልኩም። እውነት አሁን፣ ዘጠኝ የልጅ ልጅ ትቶ ሰው ለምን ይመጣል?

ወሬው ከተማውን ለማዳረስ ሳምንት አልፈጀበትም። ከዚያ በኋላ አርብ አርብ የእስላሞቹ ሴቶች እንቁላልና ወተት ይዘው መምጣት ጀመሩ፤ በሚካኤል ክርስቲያኖቹ ለነዳያን ከሚቆርሱት ዳቦ ቆርሰው ይልካሉ። ሰደቃ ነው እንግዲህ፤ ጧሪ ላጣ ሰው የሚሰጥ። እማማ ኢንገር እንባ በዓይናቸው ሞልቶ «ለምንድን ነው የሚያመጡልን?» አሉኝ። «ስለሚወዷችሁ ነው» አልኳቸው። ውሸት አልነበረም፤ ሙሉ እውነትም አልነበረም። በየወሩ ለቤተ ክርስቲያናቸው የሚልኩትን ሪፖርት የምተይበው እኔ ነኝና፣ «ሕዝቡ ስለ ፓምፖቹ ያለውን ምስጋና በእንቁላል ይገልጻል» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር በገዛ ጣቴ ጽፌ አውቃለሁ።

በሦስተኛው ዓመት አባቴና የማርያም አገልጋዩ ቄስ አስረስ ተመካክረው ለሽምግልና መጡ። እኛ አገር ሼህና ቄስ አብረው ከመጡ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው። እማማ ኢንገር ወንበር ሰጧቸው፤ አልተቀመጡም።

«ጉዳያችንን ሳይፈጽሙልን አንቀመጥም» አሉ አባቴ። አባባ አክሰል ፓምፕ የተሰበረ መስሏቸው መፍቻቸውን አነሡ።

«የመጣነው ለዕርቅ ነው» አሉ ቄስ አስረስ። «ከልጆችዎ ጋር ምን አጣላዎ?»

ተረጎምኩ። አባባ አክሰል ሳቁ። «ከልጆቼ ጋር? አልተጣላሁም።»

«ሰው ሁሉ ሽማግሌ ሲመጣበት እንዲህ ነው የሚለው። ከአራቱ ከአንዱም ጋር?»

ይህንን ስተረጉም ሳቁ ቆመ። እማማ ኢንገር የያዙትን ማንኪያ አስቀምጠው ወደ ጓሮ ወጡ። አባባ አክሰል መፍቻቸውን እያገላበጡ ቆዩና «ሥራ አለብኝ» ብለው ትተውን ወደ መጋዘን ገቡ። ሽማግሌዎቹ አንድ ሰዓት ያህል እዚያው ቆመው ጠበቁ። ከግቢው ሲወጡ አባቴ «አዩ አባ?» አሉ። ቄስ አስረስም «አየሁ ሼህ፣ አየሁ» አሉ። እኔ ያየሁት ግን ምን እንደነበር አልገባኝም። ተሳስተው መጥተው ልክ ነገር ላይ ወደቁ ይባላል? ወይስ መጀመሪያውንም አልተሳሳቱም ነበር?

የሦስቱ ልጆች ደብዳቤ በየወሩ ይመጣል። የአራተኛው፣ የኒልስ፣ በዓመት አንዴ ነው፤ ያውም ለእናቱ ብቻ። እማማ ኢንገር ፓፓያው ሥር ቆመው አንብበው ሲያበቁ ኪሳቸው ይከቱታል። አባባ አክሰል ምን አለ ብለው አይጠይቁም። አድራሻውን ከፖስታው ጀርባ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። አባቴ አዘውኝ ነው እላለሁ ሁልጊዜ፤ እምቢ ማለት ግን እችል ነበር። አባባ አክሰል ለፓምፕ ሲወጡ፣ እማማ ኢንገር ሕፃን ሲመዝኑ፣ በእነሱው ታይፕ፣ በእነሱው ወረቀት ለኒልስ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሽማግሌዎቹ አጠገቤ ቆመው ይነግሩኛል። አባቴ «አላህ ይጠብቅህ ብለሽ ጀምሪ» አሉ፤ ቄስ አስረስ «እግዚአብሔር ይጠብቅህ ይባል» አሉ፤ ተከራክረው ሁለቱም ይግባ ተባለ። በእንግሊዝኛ አንድ ሆነብኝ፤ ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ከዚያ ቀጠለ፦ «አባትህ በሰባ ዓመታቸው የሚስታቸውን ልብስ ያጥባሉ። እናትህ እንጨት ይፈልጣሉ። የሚበሉት የብርቱካን ልጣጭ ነው። እሁድ ሲጸልዩ አሜን የሚላቸው የለም። እኛ ባቅማችን ሰደቃ እንሰጣለን፤ ሰደቃ ግን ልጅ አይሆንም። በዳዩ አንተ ከሆንክ መጥተህ ይቅርታ ጠይቅ። አባትህ ከሆኑም እኛ እንክስሃለን፤ ወይፈን ተዘጋጅቷል። ጦርነቱም እየቀረበ ነውና ፍጠን።» ሁለቱም ፈረሙ፤ አባቴ በአረብኛ ፊደል፣ ቄስ አስረስ በመስቀል ምልክት ጀምረው።

ወልድያ ፖስታ ቤት ወስጄ ሰጠሁ። በመስኮቱ ማዶ ያለችው ልጅ ቴምብሩን ልሳ ስትለጥፍ «መልሺልኝ» የሚለው ቃል አፌ ድረስ መጣ። አልወጣም። ተመልሼ አውቶቡስ ስጠብቅ አንድ ሻይ ጠጣሁ፤ ስኳር አልነበረውም ወይም እኔን አልጣፈጠኝም።

ከዚያ ወራት አለፉ። ጦርነቱ ቀረበ ሲሉት ይርቃል፣ ራቀ ሲሉት ይቀርባል። ኡራል መኪኖቹ ወታደር ጭነው ወደ ሰሜን ያልፋሉ፤ ሻይ ቤቱ ካሴቱን ትቶ ሬዲዮ ከፈተ፤ ሬዲዮው ሁሉም ሰላም ነው ይላል፣ በማግስቱ ከወልድያ በኩል ፍራሽ የተሸከመ ሰው ይመጣል። አስተማሪዎች አንድ አንድ እያሉ ቀሩ። አውሮፕላን ሲያልፍ ገበያተኛው ብርቱካኑን ትቶ ይበተንና ሲመለስ የማን ክምር የማን እንደሆነ ይጨቃጨቃል። ደሴ ያለው የሚሽኑ ቢሮ ሁለት ጊዜ «ውጡ» ብሎ ጻፈ። አባባ አክሰል ሁለቱንም ጊዜ «አንድ ፓምፕ ቀርቶኛል፣ እሱን ልጨርስ» ብለው መለሱ። ሁልጊዜ አንድ ፓምፕ ይቀራቸዋል። እማማ ኢንገር ግን ማለዳ ማለዳ መንገዱን ያያሉ። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ለእነሱ ይሁን ለራሴ ለይቼ አላውቅም። አንድ ነገር ቢደርስባቸው አስከሬናቸውን ይዘን ወዴት እንሄዳለን እያልኩ አስብ ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የሚሽኑ ላንድሮቨር ከደሴ መጣ። ከውስጡ አንድ ራሰ በራ፣ ረዥም፣ አቧራ የለበሰ ፈረንጅ ወረደ። አርባ አምስት ዓመት ይሆነዋል። ስሙን ሳልጠይቀው አወቅሁት፤ አገጩ የአባባ አክሰል ነው። ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ደርሶ ኖሮ አባቴና ቄስ አስረስ በር ላይ ቆመዋል። አባቴ ከአጥሩ ሥር የተዘጋጀ ድንጋይ አነሡና በሁለት እጃቸው ዘረጉለት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ ኒልስ።

«ልማዳችን ነው» አልኩት። «ያጠፋ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ የበደለው ሰው ደጅ ላይ ይቆማል። ያኛው ይቅር ሲለው ያወርድለታል።»

ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ፤ ወይ ይቆጣል። እንደዚያ ያለ መንገድ ተጉዞ መጥቶ ድንጋይ ሲሰጡት ቢቆጣ ማን ይፈርድበታል? እሱ ግን ድንጋዩን ትክ ብሎ አየው፤ ዓይኑ ቀላ። ከዚያ ጎንበስ አለ። አባቴና ቄስ አስረስ ማጅራቱ ላይ አደረጉለት። እንደ ጎበጠ ግቢው ውስጥ ገባ።

አባባ አክሰል ቧንቧው ሥር ነበሩ። ቀና አሉ፤ እጃቸው ሳሙና ነው። በቋንቋቸው አንድ ቃል አሉ፤ ምን እንደሆነ አላውቅም። ልጁ መለሰላቸው፤ እሱንም አላውቅም። ሄደው ይቅር ሊሉት ነው ብለን ስንጠብቅ አባባ አክሰል ዞረው ወደ አጥሩ ሄዱ፣ ከልጃቸው ድንጋይ የሚበልጥ መርጠው ማጅራታቸው ላይ አወጡት። መጥተውም ፊት ለፊቱ ቆሙ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው፣ ሁለቱም ድንጋይ ተሸክመው፣ የሚያወርድ የለም።

«ኧረ ይሄ ሥርዓት አይደለም!» አሉ ቄስ አስረስ። «አባት ድንጋይ አይሸከምም! ከዲጃ፣ ንገሪያቸው እንጂ!»

ነገርኳቸው። አልሰሙኝም ወይም አልፈለጉም።

«ሁለቱም ከተሸከሙ ማን ያውርድ?» አሉ አባቴ። በሕይወቴ አባቴ የሚሉት ሲጠፋቸው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ስንት ደም ያደረቁ ሽማግሌ እጃቸውን አንጠልጥለው ቆሙ። እኔም ቆምኩ፤ ሹፌሩም ቆመ፤ አጥሩ ላይ የተሰበሰበውም ሰው ቆመ። እማማ ኢንገር ከማድ ቤት ወጡ። ማንንም ሳይጠይቁ መጀመሪያ የባላቸውን፣ ቀጥሎ የልጃቸውን ድንጋይ ገፍተው መሬት ጣሉት። ከዚያም የልጃቸው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።

«ሴት ዕርቅ አታወርድም» አሉ ቄስ አስረስ ቀስ ብለው።

«ዛሬ አወረደች» አሉ አባቴ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ኒልስ እንባውን ጠርጎ ከደረት ኪሱ ደብዳቤውን አወጣና ለአባቱ ሰጠ። አባባ አክሰል መነጽራቸውን አድርገው ቆመው አነበቡት። ሲያነቡ ፊታቸው ላይ የነበረውን ነገር ልገልጸው አልችልም። አንዴ ሊስቁ ይመስላሉ፣ አንዴ የተመታ ሰው ይመስላሉ። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው።»

«አዎ።»

«ሰደቃ ምንድን ነው?»

ነገርኳቸው። ስለ አርቡ እንቁላል ነገርኳቸው፤ ስለ ሚካኤሉ ዳቦ ነገርኳቸው። ስናገር መሬት መሬት እያየሁ ነው።

«ሦስት ዓመት ሙሉ?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ።»

«ከተማው በሙሉ?»

«ከተማው በሙሉ።»

አባባ አክሰል ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ሁላችንም እያየናቸው ወደ ቧንቧው ተመለሱና የቀረውን ልብስ አለቅልቀው፣ ጨምቀው፣ አንድ በአንድ ገመዱ ላይ አሰጡት። የመጨረሻዋ የእማማ ኢንገር ቀሚስ ነበረች። እኔ ያን ጊዜ አፈርኩ፤ ግን በማን እንዳፈርኩ አላውቅም። በእሳቸው ነው? በእኛ ነው? ሰውዬው ሊረዳን ባሕር ተሻግሮ መጣ፤ እኛ ደግሞ ስንረዳው ከረምን። ማን ማንን ሲያገለግል እንደነበር ዛሬም አስቤ አልጨርሰውም።

አባባ አክሰል ተመልሰው ሲመጡ አባቴ «እንግዲህ ታርቀዋል፤ ከልጅዎ ጋር ይሂዱ» አሏቸው። «መንገዱ ሳይዘጋ፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ።»

«ልናገለግል ነው የመጣነው» አሉ አባባ አክሰል። «ጦርነት ሲመጣ ትተን ከሄድን ምኑን አገለገልን?»

«አገልግለዋል። አሁን ደግሞ ልጅዎ ያገልግልዎት።»

«አንድ ፓምፕ ቀርቶኛል።»

«ፓምፑን እኛ እንጠግነዋለን» አሉ አባቴ። ፓምፕ እንዴት እንደሚፈታ እንኳ አያውቁም ነበር።

አባባ አክሰል ልጃቸውን አላዩም፤ ሚስታቸውንም አላዩም። እኔን ነው ያዩኝ። «ከዲጃ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» አሉኝ። እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ጥያቄ ነው። የሃያ ዓመት ልጅ ነኝ፤ ሰባ ዓመት የኖረ ሰው ሕይወቱን አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። «ቅሩ» ብላቸው ይቀሩ ነበር፤ ዓይናቸው ላይ አይቼዋለሁ። «ሂዱ» አልኳቸው። ለነፍሳቸው ፈርቼ ነው? ያን ደብዳቤ የጻፈችውን ልጅ በየማለዳው እያዩ እንዳይኖሩ ነው? ወይስ ብቻ ሁሉም ሰው እያየኝ ስለነበር የሚጠበቀውን ተናገርኩ? አንዳንድ ቀን አንዱ ይመስለኛል፣ አንዳንድ ቀን ሌላው።

በማግስቱ ጠዋት ሄዱ። አባባ አክሰል ከአባቴ ጋር ሲሳሳሙ ትከሻቸውን ይዘው ብዙ ቆዩ። እማማ ኢንገር ሚዛናቸውን ለእኔ ሰጡኝ። መኪናው አስፋልቱ ላይ ወጥቶ ወደ ውርጌሳ ሲታጠፍ ቄስ አስረስ አማተቡ፣ አባቴ ዱዓ አደረጉ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መንገዱ ተዘጋ። ግቢው መጀመሪያ የአንዱ ወገን ወታደር ማደሪያ ሆነ፣ ቀጥሎ የሌላው፤ ቆርቆሮው ተነቀለ፣ ቧንቧውም ተፈታ። እዚያ ቢሆኑ ይሞቱ ነበር ወይስ ሁለቱም ወገን «እማማ፣ አባባ» ብሎ ያከብራቸው ነበር? ይሄ በኋለኛው ጦርነት ጊዜም መልሶ መጣብኝ። ልጆቼ ከአዲስ አበባ ሆነው «ውጪ» ሲሉኝ «አንድ ነገር ቀርቶኛል» እያልኩ ስመልስ ራሴን ሰማሁና ደነገጥኩ።

ጦርነቱ አብቅቶ መንግሥትም ተለውጦ ፖስታ ሲጀምር የእማማ ኢንገር ደብዳቤ ደረሰኝ። አባባ አክሰል በሄዱ በሁለተኛው ክረምት አርፈዋል። በእነሱ አገር ሬሳ የሚያጥብ ቅጥረኛ አለ፤ ኒልስ ግን ማንንም አላስነካም፣ በራሱ እጅ አጥቦ አለበሳቸው። እስከ መጨረሻው ቤተ ክርስቲያን በተሰበሰበ ቁጥር እየተነሡ፣ «ሦስት ዓመት ሰደቃ የበላሁ ሰው ነኝ» ይሉ ነበር አሉ፤ በኩራት ይሁን በሐፍረት እማማ ኢንገር አልጻፉልኝም። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ነበር። «አክሰል ብዙ ጊዜ ይጠይቀኝ ነበር፤ እኔም መልሱን አላውቅም። እዚያ ብንሞት ኖሮ ማን ይቀብረን ነበር?»

ደብዳቤውን ለአባቴ አነበብኩላቸው። ዓይናቸው ደክሞ ነበር ያን ጊዜ። ለአባባ አክሰል አለቀሱ፤ ከዚያ ጥያቄው ላይ ስደርስ ገርሟቸው ቀና አሉ።

«ይሄማ ያለቀ ነገር አልነበር?» አሉ።

«ምኑ አለቀ፣ አባቴ?»

«ቀብራቸው ነዋ። ቅሬው ተሰብስቦ ተነጋግሮበታል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም።» ቅሬ የምንለው የመንደራችን የቀብር ማኅበር ነው። «ቄስ አስረስ ከእኛ ጋ ይሁኑ አሉ፤ ግን እንደ እነሱ የተጠመቁ አይደሉም ተባለ። እኔም ከእኛ ጋ አልኩ፤ ያም አይሆንም ተባለ። ኋላ ከራሴ ማሳ ራስጌውን ሰጠሁ። ያ ጥግ ለምን ጦሙን እንደሚያድር ጠይቀሽኝም አታውቂ? ለሁለት ሰው የሚበቃ ነው።»

ወረቀት ታይፑ ላይ አግብቼ «ውድ እማማ ኢንገር» ብዬ ጀመርኩ። «ቦታ ተዘጋጅቶላችሁ ነበር፤ ለሁለት ሰው» ብዬ ጻፍኩና ቆምኩ። በእነሱ አገር ሰው ሳይሞት መቃብር ሰጥተንህ ነበር ማለት ፍቅር ይሁን ስድብ አላወቅሁም። አንዴ በራሳቸው ነገር ያለ ፈቃዳቸው ገብቼ ያደረግሁትን አድርጌያለሁ። ቀደድኩት። እንደገና ጻፍኩ፣ እንደገና ቀደድኩ። በመጨረሻ «ሰው ሁሉ ይናፍቃችኋል፣ አባቴ ሰላም ይሉዎታል» የሚል ላክሁ። ከዓመት በኋላ የኒልስ አጭር ወረቀት መጣ፤ እናቱ አርፈዋል። «ደብዳቤሽን ደጋግማ ታነበው ነበር» ይላል። «የጠየቅኋትን ግን አልመለሰችልኝም ትል ነበር።»

አባቴም ካለፉ ቆዩ። ማሳውን አሁን የሚያርሱት የወንድሜ ልጆች ናቸው፤ አባባ አክሰልን አያውቁም፣ ስማቸውንም አልሰሙም። ዘንድሮ ቦታውን ለማየት መርሳ ወርጄ ጤፉ በቅሎ ደርሼ ነበር። ሞፈሩ ያን ጥግ ዞሮት አልፏል። ለምን እንደተዉት ጠየቅኳቸው። ተያዩና፣ «እሱ ድሮም አይታረስም፣ አክስቴ» አሉኝ።